የእኅቴ የዋንዛ ግድግዳ

ያን ቀን ቅዳሜ ነበር። እኅቴ ከማለዳ ጀምሮ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳው ያብረቅርቅ ወይስ ደብዘዝ ይበል።

ይህን ስጽፍ ሰው እንዳይስቅብኝ እፈራለሁ። በማግስቱ የሞተች ሴት የመጨረሻ ሐሳቧ የግድግዳ ቅባት ነበር ሲባል ተራ ነገር ይመስላል። ተራ አልነበረም። ክፍሉ የሚሠራው ለአባታችን ነበር። አባታችን ደግሞ እኅቴ ቤት ገብተው፣ ተቀምጠው አያውቁም።

ከመጀመሪያው ልናገር። እኅቴ ታላቄ ናት። እንፍራንዝ በኩል ተድራ ነበር፤ ትዳሩ አልሆነም፤ ወጥታ ጎንደር ገባች። ፒያሳ አጠገብ ጣሊያን የሠራው አንድ ቤት ተከራየችና ጠጅ መሸጥ ጀመረች። አባታችን ወገራ ደጋ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጠጅ ቤት መክፈቷን ሲሰሙ አልተቆጡም። አልረገሙም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እኔ ጠጅ ቤት አልገባም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ ሲወርዱ በቅሏቸውን በሯ ላይ ያቆማሉ፤ እሷ ጠላ በዋንጫ ይዛ ትወጣለች፤ ቆመው ይጠጣሉ፤ ዋንጫውን ይመልሱላታል፤ ይመርቋታል፤ አጎታችን ቤት ሄደው ያድራሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ትል ነበር እኅቴ። «የሰደበ ሰው አንድ ቀን ይታረቃል። የሚመርቅን ሰው በምን ታስታርቀዋለህ?»

ልቧን ያማት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ዳገት ስትወጣ መሀል ላይ ትቆማለች፤ ሱቅ የምታይ ትመስላለች፤ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው። ሆስፒታል ያያት ሐኪም ሥራ ቀንሺ ብሏት ነበር። ይህን እሷም እኔም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

ከጠጅ ቤቱ በስተጀርባ፣ በጓሮ በኩል የራሱ በር ያለው አንድ ክፍል ነበር። «ይሄን ለአባዬ አደርገዋለሁ» አለች። መጠጥ አይሸጥበትም፤ ጠጪ አይገባበትም፤ አባታችንም ጠጅ ቤቱን ሳይረግጡ በጓሮ ይገባሉ። ችግሩ ግድግዳው ነበር። የጣሊያን ጊዜ ቀለሙ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ከፊት ለፊቱ ክፍል የሚመጣው የጠጅ ሽታም ውስጡ ገብቷል። ኖራ አስቀባችው። ሽታው ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በእንጨት ላልብሰው ያለችው ያኔ ነው።

አናጢው ሙያውን ከጣሊያን የተማረ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ልባጥን ያሳየን እሱ ነው። ልባጥ ማለት ከግንድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ የተላጠ የእንጨት ገጽ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ኮምፔንሳቶ በሚሉት ስስ ሳንቃ ላይ በኮላ ይለጠፋል። ከአስመራ በጭነት መኪና ተጠቅልሎ ይመጣለት ነበር። እኅቴ ሱቁ ውስጥ አልመርጥም አለች። «እዚህ ያማረው ቤቴ ሲገባ ይጠቁርብኛል» ብላ ሦስት ቁራጭ አሸክማኝ ወደ ቤት ተመለስን፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ። ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ አስደግፋ ጠዋት አየቻቸው፤ ከሰዓት አየቻቸው፤ ፋኖስ አብርታ አየቻቸው። መስኮቱ አንድ ነው፤ ወደ ምዕራብ ያያል።

ጥዱን መጀመሪያ ጣለችው። «ሸጋ ነው፤ ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቆምሁ መሰለኝ» አለች። ዝግባው ነጣ ያለ፣ ዝምተኛ ነው። ለሦስቱ ግድግዳ እሱ ይሁን አለች። ከበሩ ፊት ለፊት ላለው፣ መቀመጫው ለሚሆንበት ግድግዳ ግን ዋንዛውን መረጠች።

«አባዬ ቀንበር የሚጠርቡት ከዋንዛ ነው። ሲያዩት ያውቁታል።»

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሁሉም ተለጥፎ አልቆ የቀረው የዋንዛው ቅባት ብቻ ነበር። አባታችን ከሰዓት ሊመጡ ነው። እሺ ያሉት ለእኔ ነው። ባለፈው ገበያ ሐኪሙ ስለ ልቧ ያለውን ነገርኋቸው። እንዴት እንደነገርኋቸው አላስታውስም፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አቋርጫለሁ። «መጠጥ የማይሸጥበት ክፍል ከሆነ እመጣለሁ» አሉ።

አናጢው በጠዋት ሁለት ጣሳ ይዞ መጣ። በአንደኛው ጎማ ላካ አለ፤ ስፕሪቶ በሚሉት አልኮል የሚሟሟ፣ በጨርቅ ሲታሽ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅባት ነው። በሁለተኛው ጥቂት ሰም። ሰም እንጨቱን ያለሰልሰዋል እንጂ አያበራውም።

«እሜቴ፣ ይሄን ካልቀባሁት እንጨቱ ተኝቷል ማለት ነው» አላት ጎማ ላካውን እያሳየ።

«ተኝቶ ቢውልስ? እኔም መተኛት አምሮኛል።»

«ልታስተኚው ነው ዋንዛ የገዛሽው? ለመተኛትማ ዝግባ ነበረልሽ።»

«አንተ እኮ የምታበራው ለእኔ አይደለም። የገባው ሁሉ ማን ሠራው እንዲል ነው።»

«ታዲያ ማን ሠራው ካላለ በምን ልኑር?»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ተማሪ፣ ምን ትላለህ?»

እኔ ሲጠይቁኝ ቶሎ መልስ አይመጣልኝም። «ሁለቱም... ሸጋ ነው» አልሁ።

«ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰው ይሄ ነው» አለችው ለአናጢው። «አስተማሪ አድርገውታል ደግሞ። ልጆቹ ሲጠይቁት ሁለቱም ትክክል ነው እያለ ይሆናል።»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና፣ «ይብራ» አለች። «ገጠር ያለ ሰው የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ንጹሕ ነው ይላል። አባዬ ንጹሕ ቤት ገባሁ ይበሉ።»

አናጢው ደስ አለው። ጨርቁን ጠቅልሎ እየነከረ ማሸት ጀመረ። መሀል ላይ ያለው ልባጥ ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተላጡ ሁለት ገጾች ነው። አናጢው እንደ ብራና መጽሐፍ ገልጦ ጎን ለጎን ስለለጠፋቸው የቀኙ መልክ በግራው ይደገማል። ጣሊያን ያስተማረው ነው፤ ይኮራበታል። ሳይቀባ በፊት ምንም አይታይም ነበር። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ ግን እንጨቱ እየጠቆረ፣ መስመሩ እየጎላ መጣ። ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ክብ ክብ ሆኖ ወጣ። ከክቡ ግራና ቀኝ መስመሮቹ እየሰፉ ወደ ጎን ተዘረጉ። ሦስታችንም ወደ ኋላ ብለን አየን። «ሸጋ ነው» አለች እኅቴ። በእውነትም ሸጋ ነበር። ከሸጋነቱ ሌላ ማናችንም ምንም አላየንበትም።

ከሰዓት ወደ ገበያ ሄጄ አባታችንን አገኘኋቸው። ሰም ሊሸጡ ወርደው ነበር፤ ገሚሱ አልተሸጠም፤ በቅሎዋ ላይ እንደተጫነ ነው። በጓሮ በኩል መራኋቸው። እኅቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ሦስት ጊዜ ስታስተካክል አይቻታለሁ። አባታችን ደፉን በቀኝ እግራቸው ተሻገሩ። በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ የዋንዛው ግድግዳ ላይ አርፎ ነበር።

ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አማተቡ። ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱና ተነሥተው፣ ቀርበው ግድግዳውን ሳሙት። ቅባቱ ገና በደንብ አልደረቀም ነበርና ከንፈራቸው ላይ ቀረ።

«ማን ሣለው?» አሉ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ።

«ማንም አልሣለውም፣ አያ» አለ አናጢው። «እንጨት ነው።»

«ዐይን አለው።»

«ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ነው።»

«ክንፍም አለው።»

አናጢው ዞሮ አየ። እኛም አየን። እሳቸው ካሉት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልተቻለም። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ፊትና ክንፍ ብቻ ሆነው፣ ዐይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል የሚያዩትን። አባታችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ኖረዋል። እዚያው ግድግዳው ላይ ነበሩ፤ ሁለት፣ ተያይዘው።

«አባዬ፣ ይቀመጡ» አለች እኅቴ። መቀመጫው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነው።

«ጀርባዬን ሰጥቼ?»

«እንግዲያው ወዲህ፣ በዝግባው በኩል።»

«ፊት ለፊቱ ተቀምጦስ ጠላ ይጠጣል? ምነው ልጄ።» ቁጣ የለባቸውም። እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ነገሩን ያከበደውም ይሄ ነው። «እግዜር ቤትሽን አይቶልሻል። የጸሎት ክፍል አድርጊው። እኔም ስመጣ ተሳልሜ እሄዳለሁ።» ጋቢያቸውን መልሰው ይለብሱ ጀመር።

እኅቴ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አባዬ» አለች፣ «እኔ መልአክ አላዘዝሁም። ያዘዝሁት መቀመጫ ነው።»

አናጢው፣ «ነቅዬ ገልብጬ ልምታው?» አለ።

«መልአክ ትገለብጣለህ? አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?»

«ሲገለበጥ እኮ ፍየል ነው የሚመስለው፣ አያ።»

«ይባስ ብለህ። ፍየል ሥር ልታስቀምጠኝ ነው?»

እኅቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ግድግዳውን ሽቅብ እያየች ቀስ ብላ፣ «ጠዋት አልነበረም እኮ» አለች። «ጠዋት ባዶ እንጨት ነበር። ያመጣው ቅባቱ ነው።»

አባታችን ወደ አናጢው ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው።»

«ቅባቱ ይለቃል?»

«ገና ትኩስ ስለሆነ በስፕሪቶ ብጠርገው ይለቃል።»

ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። ሲያስቡ ሰው አይቸኩላቸውም፤ ሽምግልና ላይም እንዲሁ ናቸው። እኅቴ ከእሳቸው ፊት ላይ ዐይኗን አላነሣችም። እኔ አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነበር፤ አልመጣልኝም፤ ባለመምጣቱ ዛሬ ደስ ይለኛል።

«ጥረገው እስቲ» አሉ። «መልአክ ከሆነ በስፕሪቶ አይለቅም።»

አናጢው ጨርቅ ነክሮ ጠረገ። ብርሃኑ መጀመሪያ ከክንፉ ላይ ሄደ። ከዚያ ከዐይኑ። መልኩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ፈልጎ ለሚያየው ዛሬም አለ። ግን ማፍጠጡን ተወ። አባታችን ተጠግተው መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ ሰደዱ። በገበያ የበሬ ጎን ሲዳብሱ እንዲህ ነው።

«ዋንዛ ነው» አሉ፣ የሚያውቁትን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኙ ሁሉ።

«አዎ፣ አባዬ። ዋንዛ ነው።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ሳሳ? ቆዳውን ገፈህ ነው የለጠፍኸው?» አሉት አናጢውን።

«ሥጋውን ብለጥፈው ልጅዎ ቤቱን መሸጥ ነበረባት፣ አያ።»

ሳቁ። አባታችን እኅቴ ቤት ውስጥ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

አሁን ሰም መቀባት አለበት አለ አናጢው፤ ባዶውን ከተተወ እጅ ያነካካዋል፣ ይቆሽሻል። ግን ጣሳው ውስጥ ያለው ሰም ለግድግዳው ግማሽ አይበቃም። አባታችን ወጡ። ሄዱ ብዬ ደነገጥሁ። ከበቅሎዋ ላይ የሰሙን ክብ አውርደው ይዘው ተመለሱ።

«አባዬ፣ ለጧፍ የታሰበ አይደለም?» አለች እኅቴ።

«ለጧፍ የታሰበውን አስረክቤያለሁ። ይሄ የገበያ ነው። ገበያው አልወደደውም።»

አናጢው በቢላ እየፋቀ አኳራጃ በሚሉት ዘይት አሟሟው፤ እሳት አጠገብ እንዳናደርሰው አስጠነቀቀን። ማሸቱን ግን አባታችን አልሰጡትም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጨርቁን ያዙ።

«እንዴት ነው?»

«ወደ ላይ፣ አባዬ» አለች እኅቴ ተቀምጣ። «ዛፉ በበቀለበት በኩል። ወደ ጎን አይሹት።»

«ዛፍ እንዴት እንደሚበቅል አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ፤ ግን እንዳለችው ወደ ላይ አሹ። እሷ ታዛለች፤ እሳቸው ያሻሉ። «እዚያ ጥግ ቀርቷል፣ አባዬ።» «አየሁት።» «ደገም ያድርጉት።» «ሁለት ጊዜ ምን ይሠራለታል?» «አንድ ጊዜ የተቀባ በክረምት ይነጣል ብሏል አናጢው።» «አናጢው ሰሙን ከየት ሊያመጣው ነው?» እንዲህ እየተባባሉ ደገሙት። ግድግዳው ማር የተቀባ ቂጣ መሰለ፤ አያበራም፤ ግን ሞቅ ያለ ነው። ክፍሉ ሰም ሰም ሸተተ። የጠጁን ሽታ ፈለግሁት፤ አጣሁት።

ከዚያ አባታችን ተቀመጡ። ማንም አልጋበዛቸውም፤ ደከማቸውና ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለቀቅ አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ። ጋቢያቸው በሰም ይነካል ብሎ አናጢው አፉን ሊከፍት ሲል እኅቴ በዐይኗ ከለከለችው። እንጀራ ቀረበ። በሉ፤ አጎረሷት። ጠላ ቀረበ። ዋንጫውን አንዴ ጨርሰው አልመለሱላትም፤ ይዘው ዘረጉላት፣ እንድትጨምር።

ስለዚያ ከሰዓት ብዙ መጻፍ የምችል ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው ይሄው ነው። ሰው ተቀመጠ፤ በላ፤ ጠጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ አጎታችን ቤት ሄዱ። እኔም ወደ ክፍሌ ልሄድ ስነሣ እኅቴ መቀመጫው ላይ፣ እሳቸው በነበሩበት ቦታ ተቀምጣ ነበር።

«አየሃቸው?» አለችኝ። «ተደገፉ እኮ።»

«አየሁ» አልሁ።

ቀሪውን ባጭሩ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ጎህ ሳይቀድ ልቧ ቆመ። አብራት የምታድረው ሠራተኛ ጎረቤት ጠራች፤ ጎረቤት እኔን ጠራ። ስደርስ አልፋ ነበር። አለቀስሁ። ግን ሳለቅስ እንኳ ከለቅሶው ሥር አንድ የቀለለ ነገር ነበረ፤ ትናንት ተቀምጠዋል። አንድ ገበያ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ እያልሁ ሐሳቡን እጀምረዋለሁ። እተወዋለሁ። አልዘገዩማ።

ሲነጋ አባታችንና አጎታችን መጡ። አባታችን ጓሮው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊም መጣ፤ ለቅሶው የት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ለሕዝቡ የሚናገረው እሱ ነው።

«እኔ ቤት ነው» አለ አጎታችን። «ካህናት ይመጣሉ፤ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ጠጅ ቤት ለቅሶ አይቀመጥም። ሰው ምን ይለናል?»

ክፋት አልነበረበትም። ልማዱ ነው። ጥሩምባ ነፊው ለመሄድ ዞረ።

«እዚህ ነው» አልሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በሽማግሌ መሀል ተናግሬ አላውቅም። «እዚህ ነው፣ ቤቷ ነው» ብዬ ደገምሁት።

«አንተ ዝም በል» አለ አጎታችን። «አባትህ ባሉበት።»

አባታችን አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ትናንት እዚህ በልቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ወዴት ልሂድ?»

ጥሩምባ ነፊውን እስከ መንገዱ ሸኘሁትና ቤቱን በደንብ ነገርሁት፤ እንዳይሳሳት እሱም መልሶ እንዲነግረኝ አደረግሁ። ስመለስ፣ የሚመጣው ሰው ምን ላይ ይቀመጣል ብዬ አሰብሁ። በኋለኛው ክፍል ያለው አንድ መቀመጫ ነው። በጠጅ ቤቱ ግን ረጃጅም አግዳሚዎች አሉ። ገብቼ ብርሌዎቹን ሰብስቤ በቅርጫት ከተትሁ፤ የመንገዱን በር ዘጋሁ፤ አንዱን አግዳሚ ጫፉን ይዤ ጎተትሁት። ከበደኝ። መሬቱን እየፋቀ ጮኸ።

ድምፁን ሰምተው ነው መሰለኝ አባታችን መጡ። ከኋለኛው ክፍል ወደ ጠጅ ቤቱ በሚያስገባው በር አልፈው፣ ጠጅ ቤቱ መሀል ድረስ ገቡ። ዙሪያቸውን አላዩም። ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን ሌላ ጫፍ አነሡ።

«ያዝ» አሉኝ።

ያዝሁ። ወደ ኋለኛው ክፍል አስገባነውና በዝግባው ግድግዳ ጥግ አቆምነው። ከዚያ ለሁለተኛው ተመለስን።